ለለቅሶ ያዋስኩት ሸራ

ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከአትላስ ወደ ሃያ ሁለት እየሄድን ሳለ የልጄ መኪና ሁለቴ አሳለችና ቀጥ አለች። የነሐሴ ዝናብ እንደ ጉድ ይወርዳል። ከኋላችን የነበረው ሚኒባስ ጡሩምባውን ለቀቀብን፤ ወያላው ደግሞ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «እማማ፣ ወርደው ገፋ ያድርጓት እንጂ!» ብሎ ቀለደብኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን መልስ አላጣለትም ነበር። ያን ጊዜ ግን ጆሮዬ መኪናዋ ላይ ነበር። ሁለት ሳል፣ ከዚያ ዝምታ። ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ አንድ ጊዜ ከሰማይ ሰምቼዋለሁ።

ልጄ ናትናኤል መኪናዋን ገፍቶ ዳር አስያዛትና እዚያው ዝናቡ ላይ ቆሞ ስልኩን አወጣ። የደወለው በዚያው ሳምንት ማክሰኞ የነዳጅ ማጣሪያዋን ለቀየረለት መካኒክ ነው።

«ስማ ተካ፣ መንገድ ላይ ቆመናል! የመጨረሻ የነካካኸው አንተ ነህ። ካንተ በፊት ፐርፌክት ነበረች እኮ!»

ሰውየው የሚለው አይሰማኝም፤ የሚለማመጥ ድምፅ ብቻ ይሰማኛል።

«ዝጋው» አልኩት።

«ማሚ፣ እሱ ነው ያበላሻት!»

«ዝጋው አልኩህ!»

ልጄ ደነገጠ። እኔም ደነገጥኩ፤ እንደዚያ ከጮህኩበት ዘመን የለውም። ከመንገዱ ማዶ ያለው ጎሚስታ ዣንጥላውን ይዞ ሊያግዘን መጣ። የነዳጅ ቱቦዋን ፈትቶ ከውስጧ ትንሽ ሊቀዳ ጠርሙስ ፍለጋ ሲዞር፣ እኔ መስኮቴን ዘግቼ ተቀመጥኩ። እሱ እስኪጨርስ «የመጨረሻ የነካው» የሚሉት ነገር ለምን እንደሚያንገበግበኝ ልንገራችሁ።

በሃያዎቹ ዕድሜዬ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ረዳት መካኒክ ነበርኩ። ትልልቆቹ አውሮፕላኖች ካሉበት አይደለም። ከእነሱ ራቅ ብሎ፣ በአሮጌው በኩል፣ ዝናብ ሲመታት ሰው ከሰው የማያደማምጥ አንዲት የቆርቆሮ ሃንጋር ነበረች። እዚያ ውስጥ የአቶ ዘለቀ ሦስት ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላኖች ያድራሉ። ሐኪም ይወስዳሉ፣ መድኃኒት ይወስዳሉ፣ የቸኮለና ኪሱ የሞላ ነጋዴም ይወስዳሉ። አቶ ዘለቀ ሴት መካኒክ መቅጠር አልፈለጉም ነበር። «ሴት ልጅ ቅባት ውስጥ ምን ትሠራለች? ነገ ታገባና ትሄዳለች» ብለው ማመልከቻዬን መልሰውታል። ያስቀጠሩኝ ዋናው መካኒክ ጋሽ ሰይድ ናቸው። «እኔ እጇን አይቻለሁ፤ ካጠፋች በእኔ ይሁን» አሏቸው። ይህን የነገሩኝ እሳቸው አይደሉም፤ ሌላ ሰው ነው የነገረኝ። ጋሽ ሰይድ ያደረጉልህን ነገር የሚያወሩ ሰው አልነበሩም።

ጋሽ ሰይድ የወሎ ሰው ናቸው፣ የኮምቦልቻ። ቀጭን፣ ረጅም፣ በአንዱ የቱታ ኪሳቸው ካቻቢቴ በሌላው የጸሎት መቁጠሪያቸው መስበሃ የማይለያቸው። ጠዋት ጠዋት አውሮፕላን ከመነሳቱ በፊት የሚያደርጓት ነገር ነበረች። ከክንፉ ሥር ካለችው ትንሽ መክፈቻ ቤንዚን በሻይ ብርጭቆ ይቀዱና ወደ ብርሃን ያነሱታል። የእነዚያ አውሮፕላኖች ቤንዚን ሰማያዊ ነው፣ ውሃ ላይ ቀለም ጠብ ያደረጉበት ይመስል ፈዘዝ ያለ። ውሃ ከገባበት፣ ውሃው ስለሚከብድ ከሥር ይተኛል፤ በሁለቱ መሐል እንደ ክር የቀጠነ መስመር ይታያል። መስመር ካዩ ደፍተው እንደገና ይቀዳሉ፣ እስኪጠፋ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ብርጭቆውን አፍንጫቸው ሥር አድርገው ያሸቱታል።

«ሽቶ ነው እንዴ ጋሽ ሰይድ?» እያልን እንስቅባቸው ነበር። ሃንጋሩ፣ ቱታችን፣ ፀጉራችን፣ ምሳችን ሳይቀር ቤንዚን ቤንዚን ይላል፤ ቤንዚንን በቤንዚን መሐል ማሽተት ቀልድ ነበር የሚመስለን። እሳቸው «ዓይን ይሸነገላል» ብለው ዝም ይላሉ። እኛ ማየቱን ተማርንላቸው፣ ማሽተቱን ተውነው።

ቤንዚኑ የሚቀመጠው ከሃንጋሩ ጀርባ፣ ሜዳ ላይ ነው። ስድስት በርሜል፣ ጣውላ ላይ የቆመ፣ ከላዩ ከባድ አረንጓዴ ሸራ። በደንቡ ክረምት ሲገባ በርሜል ይጋደማል። የቆመ በርሜል አናቱ ላይ ዝናብ ያቁራል፤ ቀን ፀሐይ ሲያገኘው ያብጣል፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ይስባል፤ ያን ጊዜ በክዳኑ ዙሪያ የቆመውን ውሃ አብሮ ይጠጣዋል። ክዳኑ የቱንም ያህል ቢጠብቅ ይጠጣዋል። ግን ሙሉ በርሜል ማጋደም ወገብ ይቆርጣል። ሸራችን ደግሞ ጠብታ የማያሳልፍ ሸራ ነው። ሸራ እያለ ማን ይለፋል ብለን የዚያን ክረምት አቁመናቸው ቀረን።

ነሐሴ ውስጥ፣ አንድ ሰኞ፣ የዘበኛችን የጋሽ ታደሰ እናት ሞቱ። ጋሽ ታደሰ ላምበረት ነው ቤታቸው። ከቀብር መልስ እያለቀሱ እኔ ጋ መጡ፤ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ቁልፍ እኔ ዘንድ ነበር።

«ሙልዬ፣ የእድራችን ድንኳን ሌላ ለቅሶ ላይ ተተክሏል። ሰው ዝናብ ላይ ሊቀመጥብኝ ነው። ያንን ሸራ...»

እስቲ ማን ነው ለለቅሶ የተጠየቀ ሸራ የሚከለክል? አንድ ሰከንድ አላሰብኩም። አቶ ዘለቀን ልጠይቅ አላልኩም፣ ጋሽ ሰይድን ልጠይቅ አላልኩም። በገዛ እጄ ገመዱን ፈትቼ፣ በገዛ እጄ አጥፌ፣ አንድ ፒክአፕ ላይ ጫንኩላቸው። በርሜሎቹን ዞር ብዬ አላየኋቸውም። ብርጭቆ ሁሉ አውጥቼ ሰጥቻቸዋለሁ።

ሸራው ላምበረት ሦስት ቀን ተተከለ። ሠራተኛው ሁሉ በየተራ እየሄደ ተቀመጠ። እኔም ማክሰኞና ረቡዕ ሄጃለሁ። ንፍሮው ሞቅ ያለ ነበር፤ ሽንብራና ስንዴ፣ በእፍኝ እየተሰጠን፣ ዝናቡ ከላያችን ድብ ድብ ሲል እየሰማን እንበላለን። አቶ ዘለቀ እንኳ ሁለት ቀን መጡ። ሱፋቸውን እንደለበሱ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ሽቅብ እያዩ፣ «ይሄ ሸራ እንዴት ያለ ነው! አንዲት ጠብታ አያሳልፍም እኮ። ያመጣው ይባረክ» አሉ። ሸራው የራሳቸው መሆኑን አላወቁም። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ፤ ምርቃቱን በሆዴ ተቀበልኩ። አብራሪያችን ካፒቴን ብሩክም ከሥሩ ነበር። ጋሽ ሰይድም ከሥሩ ነበሩ፤ ሸራውን ትክ ብለው ሲያዩት አይቻቸዋለሁ። ሁላችንም እዚያ ሥር ተሰብስበን ደረቅ ሆነን ተቀመጥን፤ ሸራው ምን ገልጦ እንደመጣ ግን የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም።

ሐሙስ ጠዋት ካፒቴን ብሩክ ሁለት የጤና ባለሙያዎችን ይዞ ወደ ደቡብ ሊነሳ ነው። ረቡዕ ከሰዓት ጋሽ ሰይድ የዚያችን አውሮፕላን ካርቡሬተር ፈትተው፣ አጽድተው፣ መልሰው ገጥመውላታል። ሐሙስ እሳቸው ሌላኛዋ አውሮፕላን ሥር ተጋድመው ነበርና ነዳጁን የሞላሁት እኔ ነኝ፤ አንዱን በርሜል እስኪያልቅ፣ በእጅ ፓምፕ። የፓምፑ ማጣሪያ ቆሻሻ ይይዛል፤ ውሃ አይዝም። ከዚያ ከክንፉ ሥር በብርጭቆ ቀዳሁና ለካፒቴን ብሩክ ሰጠሁት። ሰማዩ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯልና ያ ፈዛዛ ሰማያዊ ቀለም መኖሩም መጥፋቱም አይለይም። እሱ ብርጭቆውን ወደ ላይ አነሳው። መስመር የለም። ጠብታ የለም። አንድ ወጥ ነው።

«ንጹህ» አለ።

«ንጹህ» አልኩ እኔም።

አያችሁ፣ ብርጭቆው ሙሉ በሙሉ ውሃ ከሆነ መስመር ከየት ይመጣል? ይህን ያኔ አላሰብነውም። ካፒቴን ብሩክ ብርጭቆውን ደፋው፤ ገቡ፤ ሞተሩ ተነሳ። ቱቦው ውስጥ የቆየው የድሮ ቤንዚን ነበርና አላንገራገረም። ወደ ምሥራቅ ተንደርድረው ተነሡ።

እኔ እጄን በጨርቅ እየጠረግሁ ቆሜ አያታለሁ። ገርጂ በላይ ስትደርስ አሳለች። እንደገና አሳለች። ከዚያ ድምፁ ጠፋ። አውሮፕላን ያለ ድምፅ ሲሄድ አይታችሁ እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ አይቻለሁ፣ አያሳያችሁ። ቀስ እያለች ከዛፎቹ ጀርባ ወረደች።

ገርጂ ያኔ እንዳሁኑ ሕንፃ አይደለም። ጋሪ ነው የሚሄድበት፤ ከዚያ ወዲያ ደግሞ እርሻ ነው። በፒክአፕ እስከ አስፋልቱ መጨረሻ ሄድን፤ ጭቃው ሲይዘን ጋሪ ተሳፈርን፤ ጋሪውንም ሲይዘው ጫማዬን በእጄ ይዤ ሮጥኩ። ስንደርስ አውሮፕላኗ አፍንጫዋን አዲስ የተዘራ ጤፍ ውስጥ ቀብራ፣ ጭራዋን ሽቅብ አድርጋለች። አንደኛው ክንፍ ተቀዶ ነዳጁ ጭቃው ላይ ፈስሷል። ሁለቱ የጤና ባለሙያዎች የገበሬ ጋቢ ለብሰው ድንበሩ ላይ ተቀምጠዋል፤ እየተንቀጠቀጡ ነው እንጂ ደህና ናቸው። ካፒቴን ብሩክ የተሰበረ ክንዱን ደረቱ ላይ ይዞ ጭቃው መሐል ቆሟል።

«ሁለቴ አሳለ» አለ ለማንም ሳይሆን። «ከዚያ ዝም አለ።»

እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ሰው ስላልሞተ ነው ያለቀስኩት። ስለ ሸራው ገና አልመጣልኝም። ሸራው ትዝ ያለኝ ማታ ላይ ወደ ሃንጋሩ ስንመለስ ነው። ጋሽ ታደሰ ሠልስቱን ጨርሰው፣ ሸራውን አጥበው፣ እኛ እርሻው ላይ ሳለን በርሜሎቹ ላይ መልሰው አልብሰውታል። እንዳማረበት፣ ገመዱ እንደተወጠረ። ምንም ያልሆነ ይመስላል። እሱን ሳይ ነው ምን እንደሠራሁ የገባኝ።

በማግስቱ መርማሪ መጣ። ሞተሩ ውስጥ ውሃ ተገኘ፤ ግን ጭቃ ውስጥ የተቀበረና ዝናብ የዋለበት ሞተር ነው፣ ውሃ ቢገኝበት ምን ይገርማል ተባለ። በርሜሎቹን አዩ፤ በሸራ ተሸፍነዋል። የቀረው ምንድን ነው? ካርቡሬተሩ። የመጨረሻ የነካው ማን ነው? ጋሽ ሰይድ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፣ ትናንት «ጋሽዬ» ሲላቸው የነበረ ሁሉ «እድሜያቸው ገፍቷል፣ ዓይናቸው ደክሟል» ማለት ጀመረ። ሰኞ ከሥራ ታገዱ። ሪፖርቱ ተጽፎ ሲያልቅ ፈቃዳቸው ይነጠቃል፤ ያ ማለት ሃያ ስንት ዓመት የሠሩበት እጅ ከእንግዲህ የማንንም አውሮፕላን አይነካም ማለት ነው።

እኔስ? እኔ ከዓርብ እስከ ማክሰኞ አምስት ቀን ዝም አልኩ። እዚህ ላይ ልዋሽ አልችልም። «ሴት አይሆንም ብዬ ነበር» የሚለውን የአቶ ዘለቀን ድምፅ በጆሮዬ እየሰማሁ ዝም አልኩ። ረቡዕ ጠዋት ግን ተነሥቼ ፊቴን ታጠብኩና ጋሽ ሰይድን ፍለጋ ወጣሁ።

ሃያ ሁለት፣ ዘወትር ጠዋት ሻይ የሚጠጡበት ቤት አገኘኋቸው። ሥራ እንደሚገባ ሰው ተላጭተው፣ ንጹህ ሸሚዝ ለብሰው ተቀምጠዋል። ቦምቦሊኖው ፊታቸው ቀርቦ አልተነካም።

«ጋሽ ሰይድ፣ ሸራው ነው» አልኳቸው፤ ሰላምታም አላስቀደምኩ።

«አውቃለሁ» አሉኝ።

«ምን?»

«እርሻው ላይ ነው የገባኝ። ሞተር እንደዚያ የሚያስለው ውሃ ሲውጥ ነው። ለቅሶው ላይ ሸራውን ባየሁት ቁጥር አንድ ነገር ረስቻለሁ፣ ረስቻለሁ ይለኝ ነበር፤ ምን እንደሆነ አልመጣልኝም።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

ሻያቸውን አማሰሉ። «ብናገር ማን ላይ ይወድቃል? ታደሰ ላይ። እናቱን ቀብሮ እንባው ሳይደርቅ በእናትህ ለቅሶ ሰው ልትፈጅ ነበር ይባላል። ቀጥሎ አንቺ ላይ። እኔ እድሜዬን በልቻለሁ። አንቺ ገና ነሽ። ዝም አይነቅዝም፣ ሙልዬ።»

«በርሜሉ ውስጥ ያለውስ? ነገ ሌላ ሰው ይዞት ቢነሳስ?»

«አብሽሪ፣ እሱን አልረሳሁትም። የቀሩትን አምስቱን ከሥር ከሥር ውሃቸውን እንዲያወጣ ለታደሰ ነግሬዋለሁ። ዛሬ ከምሳ በፊት ይጨርሳል። ወላሂ፣ ማንም አይጎዳበትም።»

ሰውየውን አያችኋቸው? ሁሉን አስበው ጨርሰዋል። ራሳቸውን ብቻ አላሰቡም። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው የሰማሁት። ከምሳ በፊት። በርሜሎቹ ከተጣሩ በዚህ ዓለም ላይ ያ ውሃ እንደነበረ የሚያሳይ ምንም ነገር አይቀርም፤ የቱንም ያህል ብምል ማንም አያምነኝም።

ብድግ አልኩ።

«ተይ ሙልዬ! ቁጭ በይ!»

«አልቀመጥም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ እኔ ግን አምስት ቀን ዝም ብዬ ነቅዣለሁ» ብያቸው ወጣሁ። ጋሽ ሰይድን አንድም ቀን እንዲያ ተናግሬያቸው አላውቅም ነበር።

ታክሲው ቦሌ መንገድ ላይ ተዘጋጋ። ወረድኩና ሮጥኩ። እሸት በቆሎ የምትጠብስ ሴትዮ «አይዞሽ እህቴ፣ ማን ሞተብሽ?» አለችኝ። አልመለስኩላትም። በዚያ ሩጫ ላይ ሆኜ የምለውን ሁሉ አዘጋጀሁ። ሃንጋሩ ጀርባ ስደርስ ጋሽ ታደሰ ሸራውን ገልጠው፣ የፓምፑን ቱቦ የመጨረሻው በርሜል ውስጥ ሊጨምሩ ነው።

«ጋሽ ታደሰ፣ ያቁሙ! በማርያም፣ እሱን አይንኩት!»

«ሰይድ ነው ያዘዘኝ፣ ለምን እንደሆነም አልነገረኝ» አሉ ግራ ተጋብተው።

አምስተኛው ቀርቷል። አንድ በርሜል። ከጋሽ ሰይድ መደርደሪያ ላይ የሻይ ብርጭቋቸውን አመጣሁ፣ ከበርሜሉ ወለል በፓምፑ ቀዳሁ፣ ብርጭቆውን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ቢሮ ገባሁ። አቶ ዘለቀና መርማሪው ወረቀት ፊት ተቀምጠዋል፤ ካፒቴን ብሩክ በጀሶ የታሰረ ክንዱን አንጠልጥሎ ከጎናቸው አለ። አላንኳኳሁም።

«ካፒቴን፣ ይህን ይዩልኝ። ንጹህ ነው?»

ካፒቴን ብሩክ በደህናው እጁ ተቀብሎ ወደ ደመናማው መስኮት አነሳው። ልክ እንደዚያ ጠዋት።

«ንጹህ ነው» አለ።

«ያሽትቱት።»

አፍንጫው ላይ አደረገው። ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። መዳፉን እንዲዘረጋልኝ ጠየቅሁትና ከብርጭቆው አፈሰስኩለት። ቤንዚን መዳፍ ላይ ሲያፈሱት ቀዝቅዞ ወዲያው ብን ይላል። ይሄ ግን እዚያው እጁ ላይ ተኛ፣ አልተነቃነቀም።

«ውሃ ነው» አለ ካፒቴን ብሩክ ቀስ ብሎ። «ያን ቀንም መስመር አልነበረውም። ሙሉውን ውሃ ነበር ያየሁት። አየሁት እኮ! በዓይኔ አይቼ ነው ንጹህ ያልኩት!»

መርማሪው ብዕሩን አስቀመጠ። አቶ ዘለቀ «ውሃ ከየት ገባ? በርሜሎቹ በሸራ የተሸፈኑ ናቸው» አሉኝ።

«ሸራው ሦስት ቀን አልነበረም። ላምበረት ለቅሶ ላይ ነበር። ያዋስኩት እኔ ነኝ፣ ማንንም ሳልጠይቅ። ነዳጁን የሞላሁትም እኔ ነኝ። ጋሽ ሰይድ ምንም አላጠፉም።»

አቶ ዘለቀ ይጮሁብኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልጮሁም።

«ያ ሸራ... የእኛ ነበር?» አሉ። «እኔ ከሥሩ ሁለት ቀን ተቀምጫለሁ። ዝናቡን እየሰማሁ መርቄዋለሁ።»

በዚህ መሐል ጋሽ ሰይድ ደረሱ። ተከትለውኝ መጥተዋል፤ ጭቃው ሸሚዛቸው ድረስ ወጥቷል። ከኋላቸው ጋሽ ታደሰ ነበሩ፤ ነገሩ የገባቸው ያን ጊዜ ነው። በሩ ላይ ቆመው «እናቴ ሰው ልታስጨርስ ነበር?» ብለው እንደ ሕፃን ማልቀስ ጀመሩ። ጋሽ ሰይድ ትከሻቸውን ያዙ።

«ተው ታደሰ። ለቀስተኛ ዝናብ ላይ ይቀመጥ ነበር? ሸራው አላጠፋም። በርሜሎቹን ሳላጋድም ያቆምኳቸው እኔ ነኝ። አቶ ዘለቀ፣ እሱንም ይጻፉት።»

ተጻፈ። ሁሉም ተጻፈ፤ የእኔም፣ የካፒቴን ብሩክም፣ የጋሽ ሰይድም። የጋሽ ሰይድ ፈቃድ አልተነካም። እኔ ለአንድ ወር ከሥራ ታገድኩ፤ ይገባኛል። ስመለስ ሃንጋሩ ጀርባ በርሜሎቹ በሙሉ ተጋድመው አገኘኋቸው፣ ሸራቸውም በላያቸው። ግምጃ ቤቱን ስከፍት ሌላ አዲስ ሸራ ታጥፎ ተቀምጧል። አቶ ዘለቀን ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እሱ የለቅሶ ነው» አሉኝ፤ ሌላ ነገር ሳይጨምሩ ሄዱ።

ጋሽ ሰይድ ካረፉ ቆይተዋል። ያ ሁለተኛው ሸራ ለእሳቸውም ተተክሏል፤ እኔ ነኝ ገመዱን የወጠርኩት።

ጎሚስታው መስኮቴን አንኳኳ። ጠርሙስ ይዟል።

«እትዬ፣ ነዳጇስ ንጹህ ነው። ይኸው፣ ምንም የለበትም።»

ጠርሙሱን አየሁት። ጥርት ያለ ነው። አንድ ወጥ።

«አሽትተው» አልኩት።

አሸተተው። እንደገና አሸተተው። «እንዴ! ውሃ ነው እንዴ ይሄ?»

ልጄ ጠርሙሱን ነጥቆ አየና ወዲያው ስለ ማደያው መለፍለፍ ጀመረ። እንዲህ ያሉ ሌቦች፣ እንዲህ ያሉ ጉደኞች። አሁን ደግሞ የመጨረሻ የነካው ማደያው ሆነ።

«የቱ ማደያ?» አልኩት።

«የቱ... ጠዋት ሰልፉ ረጅም ነበር» አለና አመነታ። «ግቢ ካለው ጀሪካን ነው የሞላሁት።»

ጀሪካኑ የእኔ ነው። ቤንዚን ሲጠፋ ይሆነናል ብዬ ከጓሮ ያቆምኩት እኔ ነኝ። ክዳኑ ከጠፋ ሰንብቷል፤ በፌስታል አፉን አስሬ፣ ለዚያውም የጣሪያው ውሃ ከሚንጠባጠብበት ሥር። እኔ! ይህን ሁሉ የማውቀው እኔ! ወይ ጉድ፣ ሳቄ መጣ፤ ሳቄ ሲያልቅ ግን ፊቴ ተቃጠለ። ሰው አንድ ጊዜ ከተማረ በቃው የሚሉት ውሸት ነው። ጋሽ ሰይድ ብርጭቋቸውን በየጠዋቱ ያሸቱ የነበረው ለዚህ መሆን አለበት።

«ስልኩን አምጣ» አልኩት።

«ማሚ፣ እኔ እደውልለታለሁ፣ በኋላ...»

«አሁን። አምጣው።»

ጠራ። መካኒኩ ሲያነሳ ገና ሳልናገር «ኧረ በእግዚአብሔር፣ እኔ በደንብ ነው የገጠምኩት» አለኝ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ይቀላል ብዬ ነበር። አልቀለለም፤ ያኔ ቢሮው ውስጥ እንደከበደኝ ከበደኝ።

«ተካ፣ የናትናኤል እናት ነኝ። አንተ ምንም አላጠፋህም። ውሃ የገባበት ቤንዚን ነው፤ ጀሪካኑን ዝናብ ላይ ያቆምኩት እኔ ነኝ።»

ከወዲያ ሰውየው ረጅም ትንፋሽ ሲያወጣ ሰማሁት።